የሙዝ ሽታ ያለውን ኢስተር ባሕር ዳር ላይ መሥራትና በባክቴሪያ ላይ መፈተሽ፦ ዝርዝር መመሪያ

የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብ የገባ ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን ኢስተር (ከአሲድና ከአልኮል የሚገኝ ውህድ) መሥራቱ አይቀርም። ብዙው ሰው ግን ሥራውን የሚጨርሰው ሽታው ሲመጣ ነው። «ሙዝ ሙዝ ሸተተ፣ በቃ ሆኗል» ይባልና ሪፖርቱ ይጻፋል። ያው ፈሳሽ ከሳምንት በኋላ ወደ ማይክሮባዮሎጂ ክፍል ይወሰዳል። ሰሃኑ ላይ ነጣ ያለ ክብ ይታያል። «ፀረ ባክቴሪያ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ባክቴሪያውን የገደለው ኢስተሩ ይሁን ሳይታጠብ የቀረው አሲድ ግን ማንም አልጠየቀም።

ስለዚህ እዚህ አንዱን ኢስተር ከጥሬ ዕቃው እስከ ባክቴሪያው ሰሃን ድረስ እንከተለዋለን። የምጽፈው ባሕር ዳር ላለ ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ፔዳ ያለም ይሁን ፖሊ፣ ወይም ላብ ያለው ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር። ከተማዋን የጠራሁት ለወግ አይደለም። የጣና ዳር ከፍታ የመፍያ ሙቀቶችን ሁሉ ዝቅ ያደርጋል። ከውጭ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ከወሰዳችሁ ገና በጠዋቱ ትሳሳታላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ ሥራ ፊውም ሁድ (ትነት ስቦ የሚያወጣ የሥራ ሳጥን) ባለው ላብ፣ ኃላፊ ባለበት የሚሠራ ነው። የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ አለበት። ተቀጣጣይ ፈሳሽ አለበት። ቤት ውስጥ፣ በከሰል ምድጃ ላይ የሚሞከር ነገር አይደለም።

የመረጥነው ኢስተር

አይሶአሚል አሲቴት ይባላል። ከአሲቲክ አሲድና ከአይሶአሚል አልኮል ይሠራል። የሙዝ ከረሜላ ሽታ ማለት እሱ ነው፤ ሙዙም ውስጥ በተፈጥሮ አለ። አይሶአሚል አልኮል እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። አረቄ ሲወጣ አብረው ከሚመጡት ከባድ አልኮሎች አንዱ ነው። ከአረቄ ለይቼ ላውጣው ብላችሁ ግን አትልፉ። መጠኑ ትንሽ ነው፤ የተገዛው ጠርሙስ ይሻላል።

ይህን ኢስተር የመረጥኩት በቀላሉ ስለሚሠራ ብቻ አይደለም። በሕይወት ውስጥ የታወቀ ሥራ ስላለውም ነው። የማር ንብ ስትነድፍ ከመንደፊያዋ አካባቢ የማስጠንቀቂያ ሽታ ትለቃለች። የዚያ ሽታ ዋናው ክፍል ይኸው አይሶአሚል አሲቴት ነው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ሌሎቹ ንቦች ሽታውን ሲያገኙ ተቆጥተው ይወጣሉ፤ ሽታው ያለበትንም ነገር ይነድፋሉ።

ጎጃም ደግሞ የማር አገር ነው። ከላብ ወጥታችሁ ቀፎ ወዳለበት ጓሮ የምትገቡ ከሆነ ጋዋናችሁን አውልቁ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፈሳሹ የነካው ልብስ ካለ ቀይሩ። ቀልድ አይደለም።

ኢስተር ሲባል ግን ቤተሰቡ ሰፊ ነው። ለእከክ ከፋርማሲ የሚገዛው ቤንዚል ቤንዞኤት ኢስተር ነው። አስፕሪን ኢስተር ነው። ለወገብ ሕመም በሚታሹ ቅባቶች ውስጥ ያለው ሜቲል ሳሊሲሌት ኢስተር ነው። ለተባይ የሚረጨው ማላታይዮንም ኢስተር ነው። ቅቤው ራሱ በአብዛኛው ኢስተር ነው። ስለዚህ «ኢስተሮች ባክቴሪያ ይገድላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታነቡ ቆም በሉ። የትኛው ኢስተር? በምን መጠን? የትኛውን ባክቴሪያ? ምን ያህል ንጹሕ ሆኖ?

ካታሊስቱ (ማፋጠኛው) የሚችለውና የማይችለው

አሲድና አልኮል ሲገናኙ ኢስተርና ውሃ ይሰጣሉ። ኢስተሩና ውሃው ደግሞ ተመልሰው አሲድና አልኮል ይሆናሉ። የመሄጃውና የመመለሻው ፍጥነት እኩል ሲሆን ነገሩ ባለበት ይረጋል። አሲቲክ አሲድንና ኤታኖልን እኩል ሞል (የሞለኪውል ብዛት መለኪያ) አድርጋችሁ ብትቀላቅሉ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ኢስተር ሆኖ ይቆማል። የሚዛኑ ቋሚ ቁጥር 4 አካባቢ ነው። ይህን ሚዛን በርተሎና ፔያን ደ ሳን ዢል እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለክተውታል። በትንሽ ጠንካራ አሲድ የማፋጠኑን ዘዴ ደግሞ ኤሚል ፊሸርና አርተር ሽፓየር እ.ኤ.አ. በ1895 አወጡት። ዛሬም የፊሸር ኢስተሪፊኬሽን ይባላል።

እዚህ ላይ በየሪፖርቱ የሚደጋገም ስህተት አለ። «ካታሊስት ሀ ከካታሊስት ለ የበለጠ ምርት ሰጠ» ይባላል። ካታሊስት ሚዛኑ ላይ ቶሎ ያደርሳል እንጂ ሚዛኑን አይገፋም። ልዩነት ያያችሁት ሥራውን ሚዛኑ ላይ ሳይደርስ ስላቆማችሁት ሊሆን ይችላል። ወይም ካታሊስቱ ውሃ ስለያዘ ነው። ሰልፈሪክ አሲድ በዛ ብሎ ሲጨመር ውሃውን ይይዛል፤ በዚያ መንገድ ምርቱን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ግን የካታሊስትነቱ ሥራ አይደለም።

ምርቱን ለመጨመር ሁለት መንገድ አለ። ውሃውን እየነጠሉ ማውጣት፣ ወይም አንዱን ጥሬ ዕቃ ማብዛት። እኛ አሲቲክ አሲዱን እናበዛለን። ርካሽ ነው፤ በውሃም ይታጠባል። ለአንድ ሞል አልኮል 2.5 ሞል አሲድ ብናደርግና ቋሚ ቁጥሩን 4 ብለን ብናሰላ፣ ከአልኮሉ 88 በመቶ ያህሉ ኢስተር ይሆናል። አሲዱን ወደ 3 ሞል ብታሳድጉት የምታገኙት ጭማሪ ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ነው። የሚታጠበው አሲድ ግን ይበዛባችኋል። አያዋጣም።

ካታሊስት ስትመርጡ ሰልፈሪክ አሲድ ፈጣንና ርካሽ ነው። ግን ድብልቁን ያጠቁረዋል፣ ማጠቡንም ያከብደዋል። ሁለተኛው ምርጫ አምበርሊስት 15 የሚባለው ረዚን ነው። ጥቃቅን ጠጣር ዶቃዎች ናቸው፤ አሲዱ ከዶቃው ጋር የተያያዘ ነው። ሥራው ሲያልቅ በወንፊት ወረቀት ይለያል፣ ታጥቦ ደግሞ ያገለግላል። ከ120 ዲግሪ በላይ ግን አይወድም። ላይፔዝ የሚባሉት ኢንዛይሞችም ይህንኑ ሥራ በለብታ ሙቀት ይሠራሉ፤ ዋጋቸው ግን የሚቀመስ አይደለም።

የእኔ ምርጫ ረዚኑ ነው። ምርቱ ወደ ባክቴሪያ ሰሃን የሚሄድ ከሆነ ጠንካራ አሲድ ውስጡ ባይገባ ይሻላል። ሰልፈሪክ አሲድ ብቻ ካላችሁም ችግር የለም፤ ማጠቡ ላይ ትበረታላችሁ።

ከፍታውን አትርሱ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ንፍሮ ደጋ ላይ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው ቢንተከተክም የሚገባውን ያህል አይሞቅም።

ብልቃጣችንም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በመጽሐፍ አይሶአሚል አሲቴት በ142 ዲግሪ ይፈላል። እዚህ ስሌቱ 134 አካባቢ ይሰጣል። አይሶአሚል አልኮል ከ131 ወደ 124 ወይም 125 ይወርዳል። አሲቲክ አሲድ ከ118 ወደ 110 አካባቢ ይወርዳል። ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የሚፈላው ድብልቅ ስለሚቀዘቅዝ ሥራው ይዘገያል፤ መጽሐፉ አንድ ሰዓት ካለ እናንተ አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት። ሁለተኛ፣ በዲስቲሌሽኑ (አፍልቶ ትነቱን እያቀዘቀዙ በመለየቱ) ጊዜ «በ142 ይወጣል» ብላችሁ ብትጠብቁ ኢስተሩ በ134 አልፎ ሲሄድ አልኮል መስሏችሁ ትደፉታላችሁ።

ለረዚኑ ግን ከፍታው ይመቸዋል። ድብልቁ ከ120 በታች ስለሚፈላ ዶቃዎቹ አይጎዱም።

ዕቃና መጠን

አይሶአሚል አልኮል 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 12.2 ግራም ወይም 0.138 ሞል። ግላሻል (ውሃ የሌለበት) አሲቲክ አሲድ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 21 ግራም ወይም 0.35 ሞል። ካታሊስት 3 ሚሊ ሊትር የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ወይም 2 ግራም የደረቀ አምበርሊስት 15።

100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ድብልብል ብልቃጥ፣ ኮንደንሰር (ትነት የሚያቀዘቅዝ ቱቦ)፣ ሂቲንግ ማንትል (የብልቃጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ)፣ የመፍያ ጠጠር፣ መለያ ፈነል፣ የዲስቲሌሽን ገጣጥሞሽ፣ እስከ 200 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትር ያስፈልጋችኋል። ክፍት እሳት አይሆንም። የኢስተሩ ትነት በክፍል ሙቀት አካባቢም ሊቀጣጠል ይችላል።

በታኅሣሥና በጥር ጠዋት የአሲቲክ አሲዱ ጠርሙስ ረግቶ ካገኛችሁት አትደንግጡ። በ16.6 ዲግሪ ይረጋል። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ይቀልጣል።

ካታሊስቶችን ለማወዳደር ያሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። 3 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ ከ2 ግራም ረዚን ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። በረዚኑ አንድ ግራም ላይ ያለው አሲድ 4.7 ሚሊ ሞል ያህል ነው፤ ሁለቱ ግራም 9.4 ይሆናል። ይህን ያህል አሲድ ከሰልፈሪክ አሲድ የሚገኘው በ0.25 ሚሊ ሊትር ነው። ለፍክክር ከሆነ መጠኑን በዚህ እኩል አድርጉ። ለምርት ብቻ ከሆነ ግድ የለም።

ደረጃ 1፦ መቀላቀልና ማፍላት

መነጽርና ጓንት አድርጉ። አልኮሉንና አሲቲክ አሲዱን ብልቃጡ ውስጥ ጨምሩ፣ አወዛውዙ። ካታሊስቱ ከመግባቱ በፊት 0.5 ሚሊ ሊትር በፒፔት ወስዳችሁ 20 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ኮኒካል ብልቃጥ ውስጥ ጣሉ። ይህ የዜሮ ሰዓት ናሙናችሁ ነው።

አሁን ሰልፈሪክ አሲዱን ጠብታ በጠብታ ጨምሩ። ብልቃጡን እያወዛወዛችሁ። ይሞቃል፤ ከቸኮላችሁ አንድ ቦታ ላይ ይጠቁራል። ረዚን ከሆነ ዝም ብሎ ይጨመራል። በማግኔት የምታማስሉ ከሆነ ቀስ በሉ፤ በኃይል ስታማስሉ ዶቃዎቹ ይደቅቃሉ፣ በኋላም በወረቀቱ አልፈው ይሄዳሉ።

ሁለት ሦስት የመፍያ ጠጠር ጣሉ። ኮንደንሰሩን ግጠሙ። ውሃው ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ። የቧንቧ ውሃ ቢቋረጥ ሥራው እንዳይቆም ባልዲና አነስተኛ ፓምፕ አዘጋጅታችሁ ያንኑ ውሃ ማዞር ትችላላችሁ። እንዲያውም ይሄ ውሃም ይቆጥባል።

ማሞቅ ጀምሩ። ትነቱ ወደ ኮንደንሰሩ ወጥቶ ሲረጋ ብርጭቆው ላይ እርጥብ ቀለበት ይታያል። ያ ቀለበት በኮንደንሰሩ ታችኛው ሲሶ ላይ ከቆመ ሙቀቱ ልክ ነው። ከግማሽ በላይ ከወጣ ቀንሱ። በሰልፈሪክ አሲድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በረዚን ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት አፍሉ።

መብራት ቢጠፋስ? ይጠፋል። ድብልቁ ምንም አይሆንም፤ ሲቀዘቅዝ ሥራው ይተኛል፣ ሲሞቅ ይነሳል። አደጋው ጠጠሩ ላይ ነው። የመፍያ ጠጠር የሚሠራው በቀዳዳዎቹ ውስጥ በያዘው አየር ነው። ድብልቁ ሲቀዘቅዝ ቀዳዳዎቹ ፈሳሽ ይጠጣሉ፣ ጠጠሩም ተራ ድንጋይ ይሆናል። መብራቱ ሲመለስ ዝም ብላችሁ ካሞቃችሁት ፈሳሹ ጸጥ ብሎ ከቆየ በኋላ በአንዴ ይገነፍላል። ስለዚህ እንደገና ከማሞቃችሁ በፊት አዲስ ጠጠር ጣሉ። ግን በቀዘቀዘው ድብልቅ ላይ ብቻ። በሞቀው ላይ ጠጠር መጣል እዚያው እንዲገነፍል መጋበዝ ነው።

ደረጃ 2፦ ሥራው የት ደረሰ?

ሰዓት ማየት ብቻ አይበቃም። በየ30 ደቂቃው ማሞቂያውን አውርዱ፣ ትንሽ ይብረድ፣ 0.5 ሚሊ ሊትር ናሙና ውሰዱና እንደ መጀመሪያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣሉ። ፊኖልፍታሊን (ቀለም የሚለውጥ ጠቋሚ) ጨምራችሁ በ0.5 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቲትሬት አድርጉ፣ ማለትም ቀለሙ እስኪለወጥ ቤዙን ጠብታ በጠብታ ጨምራችሁ ለኩ። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ለ30 ሰከንድ ያህል ከቆየ በቃ። ብዙ አትጠብቁ፤ ቤዙ ኢስተሩን መልሶ ሊበላው ይችላል።

በዚህ መጠን የዜሮ ሰዓት ናሙናው 10 ሚሊ ሊትር ያህል ቤዝ ይፈልጋል። በረዚን እየሠራችሁ በኋላ 6.9 ቢፈልግ አሲዱ በ3.1 ቀንሷል ማለት ነው፤ 31 በመቶ። አሲዱ የአልኮሉ 2.53 እጥፍ ስለነበር፣ 31ን በ2.53 አባዙት። ከአልኮሉ 78 በመቶ ያህሉ ኢስተር ሆኗል። በሰልፈሪክ አሲድ ከሆነ በየናሙናው ወደ 2.9 ሚሊ ሊትር የሚሆነው ቤዝ የሚሄደው ለካታሊስቱ ነው፤ ቀንሱት። የድብልቁ መጠንም በአሲዱ ምክንያት ከ35 ወደ 38 ሚሊ ሊትር ስለሚያድግ የዜሮውን 10 በዚያው ልክ ወደ 9.2 አውርዱት። ሁለት ተከታታይ ናሙና አንድ ዓይነት ከሰጠ ሚዛኑ ላይ ደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ ማፍላት መብራት ማባከን ነው።

ደረጃ 3፦ ማጠብ

ሁሉ ነገር የሚለየው እዚህ ነው። ተማሪው ደክሞታል፣ ሽታው ደስ ይላል፣ የላቡ ሰዓት ሊያልቅ ነው። አትቸኩሉ።

ድብልቁ ወደ ክፍል ሙቀት ይውረድ። ረዚን ካለው አጣሩት። ወደ መለያ ፈነል ገልብጡና 50 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። አወዛውዙ፣ አስቀምጡ፣ ሁለት ንብርብር ይሆናል። የኢስተሩ እፍግታ 0.88 ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል። የትኛው የቱ እንደሆነ ከጠፋችሁ አንድ ጠብታ ውሃ ከላይ ጣሉ። ጠብታው ሰንጥቆ ወርዶ ከታችኛው ጋር ከተቀላቀለ ውሃው የታችኛው ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ አንዱንም ንብርብር አትድፉ።

የታችኛውን አውጡና በ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ድገሙ። አብዛኛው አሲቲክ አሲድና ሰልፈሪክ አሲድ በእነዚህ ሁለት እጥበቶች ይሄዳል። ይህን ሳታደርጉ በቀጥታ ወደ ሶዳው ከሄዳችሁ ፈነሉ ይገነፍልባችኋል።

ቀጥሎ 5 በመቶ የሶዲየም ባይካርቦኔት ውህድ፣ 25 ሚሊ ሊትር። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ እንጂ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሆን፤ ፓውደሩ ስታርችና ደረቅ አሲድ አለበት። መጀመሪያ ክዳኑን ሳትዘጉ አወዛውዙ። ጋዙ ሲበርድ ክደኑት፣ ገልብጡት፣ አፉን ከሰው አዙራችሁ በቧንቧው አስተንፍሱት። እንደገና። ጋዙ እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ የታችኛውን ውሃ በፒኤች ወረቀት ፈትሹ። ገና አሲድ ካሳየ በሌላ 25 ሚሊ ሊትር ድገሙ። ሦስተኛ ጊዜ ቢያስፈልግም ድገሙ። በመጨረሻ ጨው በጠገበ ውሃ 15 ሚሊ ሊትር እጠቡ፤ ኢስተሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ ይስባል።

ደረጃ 4፦ ማድረቅና ማጣራት

በደረቅ ኮኒካል ብልቃጥ ውስጥ ገልብጡ፣ ደረቅ ማግኒዥየም ሰልፌት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨምሩ። ዱቄቱ ከተጣበቀ ውሃ ገና አለ። ስታወዛውዙት ብን ብን ካለ ደርቋል። በወረቀት አጣሩት።

አሁን በዲስቲሌሽን አውጡት። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ከጎን ቧንቧው አፍ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከዚያ ከፍ ካለ ሙቀቱን አሳንሶ ያነባል። እስከ 128 ዲግሪ የሚወጣውን ለብቻ ያዙ፤ አልኮልና ውሃ አለበት። ከ128 እስከ 135 የሚወጣው የእናንተ ነው። ብልቃጡን እስከ መጨረሻው አታድርቁ።

ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ ኖሮ 18 ግራም ይሆን ነበር። ከ11 እስከ 13 ግራም ካገኛችሁ ጥሩ ሠርታችኋል። ከ18 በላይ ካገኛችሁ ኢስተር ብቻ አይደለም የያዛችሁት።

ማንነቱን አረጋግጡ። ሬፍራክቶሜትር ካለ በ20 ዲግሪ 1.400 አካባቢ ማንበብ አለበት። ኢንፍራሬድ ካገኛችሁ በ1740 አካባቢ ጠንካራ መስመር ይጠበቃል፤ በ3300 አካባቢ ሰፊ መስመር ካለ አልኮል ቀርቷል። ሁለቱም ከሌሉ የሃይድሮክሳሜት ፈተና አለ። ጥቂት ጠብታ ኢስተር ከሃይድሮክሲልአሚን ሃይድሮክሎራይድና ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር አሞቁ፣ አቀዝቅዙ፣ አሲድ አድርጉት፣ ፌሪክ ክሎራይድ ጨምሩ። የወይን ጠጅ ቀለም ከመጣ ኢስተር አለ።

ወደ ባክቴሪያው ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የመጨረሻ ፈተና። 1 ሚሊ ሊትር ምርት ከ1 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ጋር አወዛውዙ። የውሃውን ፒኤች ካልተነካው ዲስቲልድ ውሃ ጋር አስተያዩ። እኩል ካልሆነ ወደ ሶዳው ተመለሱ። አሲቲክ አሲድ ባክቴሪያን በደንብ ይጎዳል፤ ኮምጣጤ ምግብ የሚያቆየውም በእሱ ነው። እሱን ይዛችሁ ሰሃን ላይ ብታስቀምጡ ውጤቱ የኮምጣጤ ውጤት ነው የሚሆነው።

ዝቃጩን ምን እናድርገው? የማጠቢያውን ውሃ በሶዳ ገለልተኛ አድርጉ። ኦርጋኒኩን ስም በተጻፈበት ጠርሙስ አጠራቅሙ። ረዚኑን በኤታኖል አጥባችሁ አድርቁት፣ ያገለግላል። ቧንቧ ውስጥ አትድፉ። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በእምቦጭ የተጨነቀ ሐይቅ ነው፤ የራሱ ጣጣ ይበቃዋል።

ደረጃ 5፦ የባክቴሪያው ሰሃን

የምንጠቀመው የዲስክ ዘዴ ነው፤ ፈሳሹን የጠጣ ትንሽ ክብ ወረቀት ባክቴሪያ በተቀባ ሰሃን ላይ ይቀመጥና ዙሪያው ይለካል። ባክቴሪያዎቹ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ኤቲሲሲ 25923 እና ኢ ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 ይሁኑ (ኤቲሲሲና ቁጥሩ የመደበኛ ዝርያዎች መለያ ናቸው)። በሽታ ሊያመጡ የሚችሉ ናቸውና ማይክሮባዮሎጂ ላብ ውስጥ፣ በባለሙያ ክትትል ይሠራ።

መጀመሪያ የሙለር ሂንተን አጋሩ (ባክቴሪያው የሚበቅልበት የረጋ ምግብ) በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) ይፈላል። እዚህም ከፍታው ይመጣል። 121 ዲግሪ ለማግኘት በባሕር ወለል ላይ ጌጁ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ቢያነብ ይበቃል። ጌጁ የሚለካው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ነው፤ እዚህ የውጪው አየር ቀላል ነው። ባሕር ዳር ላይ 15 ብታደርጉት ውስጡ 118 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሆነው። ወደ 18 ፒኤስአይ ማድረስ ያስፈልጋል። ኦቶክሌቩ ሙቀቱን ራሱ የሚለካ ከሆነ በዲግሪው ሂዱ። የአምራቹን የግፊት ጣሪያ ግን አትለፉ።

ሰሃኖቹ የብርጭቆ ይሁኑ። የሚጣሉት ፕላስቲክ ሰሃኖች ከፖሊስታይሪን የተሠሩ ናቸው፤ ኢስተሩ ያሟሟቸዋል። አንድ ጠብታ ክዳኑን ከነካ ፕላስቲኩ ይደበዝዛል፣ ይጣበቃል። አጋሩ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው።

ባክቴሪያውን በጨዋማ ውሃ በጥብጡና ብዥታውን ከ0.5 ማክፋርላንድ (መደበኛ የብዥታ ማመሳከሪያ) ጋር አስተካክሉ። በ15 ደቂቃ ውስጥ በንጹሕ ስዋብ ሰሃኑን በሦስት አቅጣጫ ቀቡት። ኢስተሩን በዲኤምኤስኦ (በማሟሟያ ፈሳሽ) በአንድ ሚሊ ሊትር 100፣ 50 እና 25 ሚሊ ግራም አድርጋችሁ አቅጥኑ። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ዲስኮች ላይ 10 ማይክሮ ሊትር አድርጉ። በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆይ። ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ሥሩ።

ማወዳደሪያዎቹ ላይ አትሳሱ። ዲኤምኤስኦ ብቻ ያለበት ዲስክ። አይሶአሚል አልኮል ብቻ ያለበት። በጣም ትንሽ አሲቲክ አሲድ ያለበት። ጄንታሚሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ 10 ማይክሮ ግራም ያለበት። የጄንታሚሲኑ ክብ በኢ ኮላዩ ላይ ከ19 እስከ 26፣ በስታፊሎኮከሱ ላይ ከ19 እስከ 27 ሚሊ ሜትር ካልሆነ ሰሃኑ ራሱ ችግር አለበት። የሌላውን ውጤት አትጻፉ።

ይህ ኢስተር ተናኝ ነው፤ እዚህ ላይ ዘዴው ይደክማል። ከዲስኩ ላይ በንኖ ይሄዳል፣ ውሃ ውስጥም እምብዛም አይሟሟም። አጋሩ ውስጥ በቅጡ አይሰራጭም። በዚያ ላይ ትነቱ በሰሃኑ ውስጥ ተዘዋውሮ የጎረቤቱን ዲስክ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ የኢስተሩን ዲስክና የጄንታሚሲኑን ዲስክ አንድ ሰሃን ላይ አታኑሩ። ክዳኑን በፓራፊልም (በሚለጠጥ ማሸጊያ) ዝጉ። የሚሻለው ግን በታሸገ የብርጭቆ ቲዩብ ውስጥ በሾርባ (በባክቴሪያ ማብቀያ ፈሳሽ) እያቀጠኑ ዝቅተኛውን ገዳቢ መጠን መፈለግ ነው። አድካሚ ነው፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው።

ክቡን ስትለኩ የዲስኩ 6 ሚሊ ሜትር እንዳለበት አስታውሱ። 7 ሚሊ ሜትር ያነበበ ሰው ያየው በየጎኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ይህን «ከፍተኛ ፀረ ባክቴሪያ» ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው። አንድ ሚሊ ግራም ኢስተር ከ10 ማይክሮ ግራም ጄንታሚሲን ጋር ሲወዳደርም መቶ እጥፍ እየተጠቀማችሁ መሆኑን ጻፉ። ውጤቱ ደካማ ቢሆን አያሳፍርም። የንቡ ሽታ የተሠራው ለባክቴሪያ አይደለም።

ሁለተኛ ኢስተር ለሚፈልጉ

ፀረ ባክቴሪያነቱ የታወቀ ኢስተር ከፈለጋችሁ ወደ ፓራቤኖች ሂዱ። ከፓራ ሃይድሮክሲ ቤንዞይክ አሲድ የሚሠሩ ናቸው፤ በመዋቢያና በመድኃኒት ውስጥ ማቆያ ሆነው ያገለግላሉ። ከሜቲል ወደ ቡቲል ስትሄዱ ኃይላቸው ይጨምራል፣ ውሃ ውስጥ መሟሟታቸው ግን ይቀንሳል። ሁለቱን አንድ ግራፍ ላይ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ጥሩ ፕሮጀክት ነው።

አሠራሩ ያው ነው። አልኮሉ ግን ይበዛል፤ ራሱ ማሟሟያ ይሆናል። ሜታኖል መርዝ ስለሆነ ፊውም ሁዱ አይቀሬ ነው። ትልቁ ጥቅማቸው ጠጣር መሆናቸው ነው፤ ከዲስኩ ላይ በንነው አይጠፉም። በሶዳ ካጠባችሁ በኋላ ከኤታኖልና ከውሃ ቅይጥ እንደገና ክሪስታል አድርጋችሁ አርጉት፣ አድርቁት፣ የመቅለጫ ሙቀቱን ለኩ። ሜቲሉ ከ125 እስከ 128 ዲግሪ ይቀልጣል። ከዚያ በታች ከጀመረ እርጥብ ነው ወይም ገና አሲድ አለበት፤ ሰሃን ላይ ከመድረሱ በፊት አንድ ዙር ይቀረዋል።